በአንድ ሳክስፎን ላይ አራት ማውዝፒስ

ማውዝፒሴ የተሰነጠቀው በልምምድ መሃል ነው። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ሳሳየው «አዲስ ይገዛላ» አለኝ፣ ልክ ብርጭቆ እንደተሰበረብኝ። አልፈርድበትም። ማውዝፒስ ማለት ከሳክስፎኑ አናት ላይ ተሰክቶ አፍ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ ነው። ከሥሩ ሪድ የምንላት ቀጭን የሸምበቆ ልጥ ትታሰርበታለች። ትንፋሽ ሲያገኛት ትርገበገባለች፣ ድምፁም እዚያው ይወለዳል። ቀሪው ትልቁ ናስ ሥራው የተወለደውን ማሳደግ ነው። ይህን ሁሉ ባስረዳው ኖሮ ባለቤቴ ከልቡ ይሰማኝ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማውዝፒስ የሚሸጥ ሱቅ ግን ያው አይገኝም።

ቀን ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቴነር ሳክስፎን እነፋለሁ። በከተማችን ቴነር የምትነፋ ሌላ ሴት እስካሁን አላየሁም። ይህን ስናገር ኩራት ኩራት እንደሚለኝ አልደብቅም። የተሰነጠቀው ማውዝፒስ ከሳክስፎኑ ጋር አብሮ የመጣ ተራ ፕላስቲክ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ነፍቼበታለሁ። ሰርግ አጅቤበታለሁ፣ ምርቃት ላይ ቆሜበታለሁ፣ የረገጡት መሬት እስኪያንሸራትት ዝናብ እየዘነበ ድንኳን ውስጥ ሙሽራ ተቀብዬበታለሁ። አሁን ግን ጫፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታ፣ ላይኛውን ድምፅ በነካሁ ቁጥር ትጮህብኛለች። ትምህርት ቤታችን ደግሞ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ እንድጫወት ጠይቆኝ ነበር። የቀረኝ አንድ ወር ነው።

ነገሩን ከባለቤቴ ቀጥሎ የነገርኩት ለጋሼ ነው። ጋሼ የምላቸው አስተማሪዬን ነው። ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ቴነር ሲነፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በሃያ ሰባት ዓመቴ ቤታቸው ሄጄ «ሳክስፎን ያስተምሩኝ» ስላቸው ጋዜጣ አውጥተው «እስኪ ይቺን አንቀጽ በአንድ ትንፋሽ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። «ድገሚያት፤ አሁን ግን አትቸኩይ» አሉኝ። ደገምኩ። በሦስተኛው መጨረሻ ላይ ዓይኔ እንባ ቋጠረ፣ አንቀጹ ግን አለቀ። «ነገ ነይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ ሙዚቃ ሁሉ የእሳቸው እጅ አለበት። እሳቸው ራሳቸው ግን ከሰባት ዓመት ወዲህ ነፍተው አያውቁም። «ሐኪም ስለ ደረቴ ከልክሎኛል» ብለውን ነበር፣ ተማሪዎቻቸው ሁላችንም አምነን ተቀብለናል።

«ምን ችግር አለው?» አሉኝ የተሰነጠቀውን ማውዝፒስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው እያዩ። «ያለንን ሁሉ አንድ ላይ እናምጣና እንሞክር። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ እንገናኝ። እነዚያንም ጥሪያቸው።»

እነዚያ ያሏቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አማኑኤል ከተማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጥ ሰንብቶ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ያሞቃል። ሁለተኛው ደብረ ወርቅ አድጎ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ቅኔ እስከ መዝረፍ የደረሰ፣ በኋላ ሳክስፎን ሰምቶ ልቡ የሸፈተ ሰው ነው። አሁን ማርቆስ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። እኛ ግን «መሪጌታ» እያልን እንቀልድበታለን፤ እሱም አይከፋውም። በእኛ አካባቢ ቴነር ይዞ የቆመ ሰው ብትፈልጉ ከእኛ ብዙም አትርቁም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የአማኑኤሉ ሰውዬ ሳክስፎኑን ጭኑ ላይ ታቅፎ በሚኒባስ መጣ። መሪጌታ በብስክሌቱ ደረሰ። ጋሼ ሳሎናቸው መሃል ጠረጴዛ አውጥተው ነጭ ጨርቅ አንጥፈውበታል፤ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ጠበቁን። ለእሳቸው ይህ የቡና ወሬ አልነበረም።

የአማኑኤሉ ሰውዬ ሁለት ማውዝፒስ አወጣ። አንዱ አዲስ ፕላስቲክ ነው። ሌላውን ሲያወጣ ሆን ብሎ ቀስ አለ፦ ወርቅ የተቀባ ብረት፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ። ባሕር ዳር ለሥራ መጥቶ ከነበረ ነፊ ላይ ለምኖ ነው የገዛው።

«እቴ፣ ይሄን አፍሽ ውስጥ ካስገባሽ በኋላ ሌላ አትፈልጊም» አለኝ።

መሪጌታ ደግሞ ከጥቁር ጠንካራ ጎማ የተሠራ፣ ጎኑ ላይ ሰባት ቁጥር የተቀረጸበት አስቀመጠ። ቁጥሩ በጫፉና በሪዱ መካከል ያለውን ክፍተት ይናገራል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይሰፋል፣ ትንፋሽ ግን ይበላል። «ሁለት ዓመት ታገልኩት» አለ፤ «አልገራልኝም።»

ጋሼ ደንቡን አወጡ። ሳክስፎኑ የእኔው አንድ ይሁን። ሪዱም አንድ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተፈታ ይታሰር። ዜማውም አንድ፣ እሳቸው ራሳቸው ለማስተማሪያ የሠሯት፣ በባቲ ቅኝት የምትሄድ አጭር ዜማ። ሁላችንም በየተራ እንነፋለን፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሰማሉ። «ዓይን ይዋሻል» አሉ፣ ወንበራቸውን እያዞሩ። «በተለይ ወርቅ ሲያይ።»

በፕላስቲኩ ጀመርን። ንጹሕ ነው፣ ታዛዥ ነው፣ የትም አያስቸግርም። ሦስታችንም ነፋን፣ ሦስታችንም ያው ሆንን። ጋሼ ጀርባቸውን እንደሰጡን «ለጀማሪ ጥሩ ነው» ብለው ዝም አሉ። ሰባት ቁጥሩን የአማኑኤሉ ሰውዬ ሞክሮ በሁለተኛው መስመር ላይ ትንፋሽ አጠረው። ራሱ መሪጌታም ድምፁን አወጣው እንጂ ሦስተኛው መስመር ላይ ዜማዋ የምትታጠፍባትን ትንሽ ጥምዝ ማውጣት አልቻለም። እኔ ስነፋበት ደረቴ እስኪያመኝ ገፋሁ። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ከዚህ በፊት ከእኔ ሳክስፎን ወጥቶ የማያውቅ ሰፊ ድምፅ ወጣ፣ ወዲያው ተበላሸ።

ከዚያ ብረቱን ሰካሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ብርዱ ነው፤ የማርቆስ ግንቦት ብረትን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ጥርሴ ነገረኝ። መንፋት ስጀምር ግን ገረመኝ። ድምፁ ከአፌ ሳይወጣ ግድግዳው ላይ ደርሷል። ገና ሁለተኛ መስመር ላይ ሳለሁ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ወረደ። እንዲህ ያለ ጊዜ ማንም ሰው ወሬውን ያቋርጣል፣ ምክንያቱም አጠገብህ ያለው ሰው አይሰማህም። እኔ አላቋረጥኩም። በረዶው እየጮኸ እኔም እየጮህኩ፣ ዜማዋ ከላይ ወጥታ ተሰማች።

የአማኑኤሉ ሰውዬ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «በረዶ የረታ ማውዝፒስ ነው!» አለ። እውነቱን ለመናገር ደስታው አሰከረኝ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሜ ድምፄ እስከ ገበያው ድረስ ሲሰማ ታየኝ።

በረዶው ባንዴ ቆመ። እኔ ገና እየነፋሁ ነበርና ድምፄ ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ እኔም ራሴ ሰማሁት፤ ስለታም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

«ይሄ ብረቱ ነው» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ጉልበት አለው። ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ዜማዋን ስትጠመዝዣት የት ገባች? አልሰማኋትም።»

ልክ ነበሩ። በባቲ ውስጥ ያቺ ትንሿ ጥምዝ ካልተሰማች የቀረው መንገደኛ ዜማ ነው። ሰውዬው ግን በብረቱ አልተከፋም፤ ለሰርግ ድንኳን እሱን የሚያህል እንደሌለ ሁላችንም መሰከርንለት።

ጋሼ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሳጥን ሲከፈት ሰማን። ሲመለሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የእሳቸው ማውዝፒስ ነበር፤ ጥቁር ጎማ፣ ከእድሜ ብዛት ወደ ቡኒ የሄደ፣ ላይኛው ገጽ ላይ ጥርሳቸው የቆፈራቸው ሁለት ጉድጓዶች ያሉበት። «ይሄንም ጨምሩበት» ብለው ወደ ግድግዳው ተመለሱ።

ሰክቼ ነፋሁ። ጫፉ ጠባብ ስለሆነ ትንፋሽ አይጠይቅም። ድምፁ ትልቅ አይደለም፣ ግን ክብ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ያቺ ጥምዝ እንደ ሰው ጉሮሮ ተጠመዘዘች። ጨርሼ አወረድኩት። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የተናገረው መሪጌታ ነው። ወርቅ የተቀባውን በአንድ እጁ፣ ጥቁሩን በሌላው አንሥቶ አየና «የዚህኛው ወርቁ ከላይ ነው» አለ። ጥቁሩን ከፍ አደረገ። «ይሄ ግን ሰሙ ከላይ ነው፣ ወርቁ ከውስጥ።» ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንዲህ ሲል ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ እኛ ግን ሳቅን፣ የአማኑኤሉ ሰውዬም ጭምር።

«እንግዲያው አለቀ» አሉ ጋሼ። «ውሰጂው። ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለበዓሉም ለሌላውም ይሁንሽ።»

እምቢ አላልኩም። ይሉኝታ ይዞኝ አንድ ጊዜ «ኧረ ጋሼ» አልኩ እንጂ እጄ ቀድሞ መሐረቡን ጨብጧል። ከእሳቸው አፍ ወደ እኔ አፍ የተላለፈ ድምፅ ነው ብዬ ልቤ ሞላ።

ሁለቱ ሰዎች በረዶው ብስክሌቱን ምን እንዳደረገው ለማየት ወደ ግቢው ወጡ። እኔና ጋሼ ቀረን። ከደስታዬ ብዛት «ጋሼ፣ ደረትዎ ቢፈቅድ ኖሮ እንደ ድሮው አንድ ጊዜ ብቻ ሲነፉበት በሰማሁ» አልኳቸው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ እያስተካከሉ «ደረቴ ደህና ነው» አሉ።

አልገባኝም።

«ጥርሴ ነው። ላይኛው ሁሉ ሰው ሠራሽ ነው። እንደተተከለልኝ ሰሞን ከሰርግ ቡድናችን ጋር ለመለማመድ ሄጄ ነበር፣ አንቺ ያን ቀን አልነበርሽም። ስነፋ ጥርሱ ማውዝፒሱ ላይ እንደ ጠጠር ተንቀጫቀጨ። ወጣቶቹ ሰምተው ዝም አሉ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ደረቴን አመመኝ ማለት ቀለለኝ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አጠገቤ ተቀምጠው ጣቴን ሲያርሙ፣ ይህ ነገር በአፋቸው ውስጥ ነበር። ከዚያ እንደ አስተማሪ ማሰብ ጀመርኩ። የሚንቀጫቀጨው ለምንድን ነው? ጥርሱ ጠንካራውን ጎማ ስለሚነካ ነው። መሃላቸው ለስላሳ ነገር ቢገባስ? ጫፉ ጠባብ በሆነው ማውዝፒስ ላይ፣ ከሁሉ በለሰለሰ ሪድ፣ ጥርስ ሳይጫን ቢነፋስ? ይህን ሊያደርግ የሚችለው ማውዝፒስ ደግሞ ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። እሱም በመሐረብ ተጠቅልሎ እጄ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ላስከብር አልችልም። አንድ አፍታ ዝም ለማለት አስቤያለሁ። ሐሳቡ ካልሠራ በከንቱ አሳፍራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። እውነተኛው ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር፤ ከሠራ ማውዝፒሱን አጣዋለሁ። ያን ያህል የወደድኩት ድምፅ ከዚያ በፊት አልነበረም። ጋሼ ጨርቁን ደጋግመው ያስተካክላሉ፤ ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

ተነሥቼ ወደ ግቢው ወጣሁ።

«መሪጌታ፣ ጎማህ ሲተነፍስ የምትለጥፍበት ዕቃ ይዘሃል?»

«መች አጥቼው» አለ፣ ኮርቻው ሥር ካለችው ቦርሳ እያወጣ። ቁራጭ ካላማዳሪያ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ፤ ማስቲሽ፣ መቀስ። ለምን እንደፈለግሁት አልነገርኩትም። ጋሼ ለእኔ የነገሩኝን እሳቸው ካልተናገሩት እኔ አልናገርም።

ካላማዳሪያውን በአውራ ጣቴ ልክ ቆረጥኩ። ሁለት ድርብ አድርጌ ጥርስ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ላይ በማስቲሽ ለጠፍኩት። እስኪይዝ በጣቴ ተጭኜ ቆየሁ። ከሪዶቼ መሃል በጣም ያረጀውንና የለሰለሰውን መርጬ አሰርኩ። ጋሼ የምሠራውን ሲያዩ ቆይተው ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ተይው» አሉ በዝግታ። «ሰዎቹ አሉ።»

«በሩን እዘጋዋለሁ።»

«ይሰማላ።»

«ይሰማ» አልኳቸው። እንዲህ አድርጌ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። «ሲያስተምሩኝ ስንት ጊዜ አሳፋሪ ድምፅ አውጥቻለሁ? አንድ ቀን ስቀውብኝ ያውቃሉ?»

ሳክስፎኑን ተቀበሉ። ማንጠልጠያውን አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁ ጣቶቻቸው ቦታቸውን መፈለግ አላስፈለጋቸውም፣ ራሳቸው ሄደው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ነፋስ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው እንደ ዝይ ጮኸ። ማውዝፒሱን አውጥተው አዩት፣ ካላማዳሪያውን በምላሳቸው ጫፍ ነክተው «የጎማ ጣዕም አለው» አሉ። መልሰው አስገቡት።

ሦስተኛው ግን ድምፅ ሆነ። ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። ከጥርስ የሚመጣ አንዳች መንቀጫቀጭ የለበትም። እሱን ይዘው ቆዩ፣ ይዘው ቆዩ፣ እኔ በሃሳቤ አብሬ መተንፈስ እስኪያቅተኝ ድረስ። ከዚያ ያቺን የማስተማሪያ ዜማ ጀመሩ። ሰባት ዓመት ዝም ያለ ሰው እንደመሆናቸው ጣታቸው ሁለት ቦታ ተሳሳተ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ጥምዟን ሲጠመዝዟት እኔ እስካሁን የምሠራው ቅጂ መሆኑን አወቅሁ።

በሩ ተከፈተ። ባለቤታቸው እትዬ ናቸው፣ ምስር ሲለቅሙ የነበሩበትን ሰፌድ እንደያዙ። ሁለቱ ሰዎች ከኋላቸው ቆመዋል። እትዬ መጀመሪያ ወደ እኔ አዩ፤ የምነፋው እኔ መስያቸው ነው። ሳክስፎኑ ማን አንገት ላይ እንዳለ ሲያዩ ሰፌዱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«አንቱ ነዎት?» አሉ።

ጋሼ አፋቸው ሥራ ላይ ስለሆነ በዓይናቸው ብቻ አዎ አሉ። እትዬ በሩ ላይ እንደቆሙ እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ «ደረትዎስ?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ ሳክስፎኑን አውርደው እኔን አዩና «ድኗል» አሉ። እትዬ ሰፌዳቸውን ዝቅ አደረጉ። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰው ናቸውና ነገሩን ከእኔ በፊት ሳያውቁት አልቀሩም ብዬ አስባለሁ።

ማውዝፒሱን ጠረጴዛው ላይ በፊታቸው አኖርኩት። «የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ተዉት። መሪጌታ ሳልለምነው ሰባት ቁጥሩን በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ከሦስታችን ድምፁን የሰማነው ካንቺ ብቻ ነው» አለ። «እኔ አልቻልኩትም። አንቺ ቻይው።»

የሚቀጥለውን አንድ ወር አልረሳውም። ማታ ፈተና አርሜ ስጨርስ፣ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ባገኘሁት ሩብ ሰዓት ሁሉ ከዚያ ሰባት ቁጥር ጋር ታገልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈሬ አበጠ። በሁለተኛው ባለቤቴ ድምፁን ሰምቶ «ይሄኛውም ተሰነጠቀ እንዴ?» አለኝ። በሦስተኛው ላይ አንድ ጠዋት ሙሉውን ዜማ ትንፋሽ ሳላባክን አወጣሁት። ወደ ጋሼ ሄጄ ነፋሁላቸው። ወደ ግድግዳው ዞረው ሰምተው «ይሄ ሰባት ቁጥሩ አይደለም» አሉ። «ነው» አልኳቸው። ዞረው ማውዝፒሱን አዩ። ከአፋቸው ሙገሳ አልወጣም፣ ግን ተነሥተው የራሳቸውን ሳክስፎን አወጡ። እኔ በዜማ ስጠይቅ እሳቸው በዜማ እየመለሱ እስኪመሽ ነፋን።

በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ የወጣነው ሁለታችን ነን። ከትናንትናው ዝናብ ሜዳው ረጥቧል፤ ወላጆች ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል። ተማሪዎቼ እኔን የሚያውቁኝ በጠመኔ ነው፣ ሳክስፎን ይዤ ሲያዩኝ ጮኹ። ርእሰ መምህሩ ማይክሮፎኑን ሰጥቶኝ «እኚህ አባት ማን እንደሆኑ ንገሪን» አለኝ። ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ስለ ማርሽ ባንዱ፣ ስለ ጡረታቸው። ሁሉም ከጭንቅላቴ ወጣ። «እኔን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው» አልኩና ማይክሮፎኑን መለስኩለት።

ጀመርን። ሰባት ቁጥሩ ሜዳውን ሞላው፣ የጋሼ ክብ ድምፅ ከሥሩ ገብቶ መለሰልኝ። እትዬ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ስንጨርስ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ጭብጨባውን ትቼ ጋሼን አየኋቸው፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው እንደ ድሮው የሰልፍ ሰው ቆመዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃ ነበር። ሁለቱንም ሳክስፎን እኔ ያዝኩ፣ እትዬ በመሃላችን ጃንጥላ ዘርግተው ሄዱ። ጋሼ መንገዱን ሙሉ ሦስተኛው መስመር ላይ እንደቸኮልኩ ሲነግሩኝ ነበር። አዎ፣ ቸኩያለሁ። «በሚቀጥለው አስተካክላለሁ» አልኳቸው። «ቅዳሜ» አሉኝ፣ «ሳታረፍጂ ነይ፤ እኔም የምለማመደው አለኝ።»